አያቴ የጠበቁት በር

አያቴ አባባ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የሰፈራችንን ሕፃን ሁሉ እንትፍ እንትፍ ብለው የሚመርቁ ሰው ነበሩ። የእኔን ልጅ ግን አንዴም ሳያቅፏት ሄዱ።

ልጄ በሰባተኛ ወሯ ነው የተወለደችው። ከከሚሴ ሆስፒታል ስንወጣ ነርሷ፣ «በሽታ የመከላከል አቅሟ ገና አልጠናም፤ ለእናንተ ተራ ጉንፋን የሆነው ለእሷ ከባድ ነው» አለችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያቴ በርጩማቸውን ጓዳው በር ላይ አድርገው ተቀመጡ። ስለሚያስላቸው እሳቸውም አይገቡም። አራስ ልትጠይቅ ከሰንበቴ ከተማ ድረስ የመጣችውን ዘመድ እንኳ፣ «ኮቱ፣ ነይ፣ እዚሁ ከእኔ ጋር ተቀመጪ። ዱዓን በር አያግደውም» አሏት። ስንቱ ተቀይሟቸው ሄደ!

በቀደም ተቀበሩ። ለቅሶ ደራሹ ቤቱን ሲሞላው በርጩማው ባዶ ነበር። አንዲት ዘመዳችን እያለቀሰች፣ እያሳላት ጓዳ ገባችና የልጄን ጉንጭ ሳመች። «አትግቢ» ለማለት አፈርኩ።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ጡት አልይዝ አለች። አቅፌያት ወደ ሆስፒታል ስወጣ በርጩማው አሁንም እዚያው በሩ ላይ ነው።

አባባ፣ ዱዓን በር አያግደውም ብለው ነበር። በሽታንም ያገደው በሩ አልነበረም፤ እርስዎ ነበሩ።