የተሳሳተው በር

እናቴ አዲስ አበባ ሆስፒታል ከተኛች ሁለት ቀኗ ነበር። አስታማሚዋ የአክስቴ ልጅ በደወልኩ ቁጥር "ደህና ናት፣ ተኝታለች" ትለኛለች። እኛ ዘንድ "ደህና ናት" ሲባል ነው የሚፈራው። ድሮም ቁጭ ማለት አይሆንልኝም፤ ያን ሰሞን ግን በምኖርበት ፈረንጅ አገር፣ ስካይላይን የሚባለው ሕንፃ አስራ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ከሶፋ ወደ መስኮት ስመላለስ ምንጣፉን ጨረስኩት።

ቅዳሜ ማለዳ፣ እዚያው አጠገብ ያለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ሥራ ልገባ ጫማዬን ሳስር በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አራት ሽማግሌዎች ቆመዋል።

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ቤት ድረስ ይመጣል። ማንም ምንም ሳይለኝ አወቅሁት። እናቴ ሞታለች።

ገብተው ተቀመጡ። አንዱ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ሌላው ወለል ወለሉን ያያሉ።

"ውሃ ላምጣላችሁ?" አልኩ። ማዘግየቴ ነበር። እስኪናገሩ ድረስ እናቴ አለች።

በመጨረሻ ትልቁ ተነሱ። "ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ወንድምሽ..."

"ወንድም የለኝም!"

"እንዴት የለሽም?"

"የለኝም አባባ! ለእናቴ አንድ ነኝ።"

እርስ በርስ ተያዩ። መርዶው ለካ ለላይኛዋ ጎረቤቴ ነበር፤ ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ ሁልጊዜ እናቴን የምትጠይቀኝ። ይዛቸው የመጣችው፣ እሷን የምታውቃት ሴትዮ ፓርኪንግ ፍለጋ ስትዞር፣ ሽማግሌዎቹ ቀድመው ወጥተው አንድ ፎቅ ሲቀራቸው ከሊፍቱ ወርደዋል። "ይቅር በይን ልጄ" እያሉ ወጡ።

ደስ አለኝ። ምን ልዋሽ? ደስ አለኝ! አየሩ ራሱ ይጣፍጠኛል። ፍሪጅ ከፍቼ የትናንት ፍርፍር ቆሜ በቀዝቃዛው ጎረስኩ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ አላስታውስም።

ከላይ ጩኸቱ ሲመጣ ጉርሻው አፌ ውስጥ ነበር። በራሴ ተናደድኩ። ግን ዋጥኩት።

ሥራ ቦታ ደውዬ አልመጣም አልኩ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ደወልኩ፤ "አሁኑኑ ቀስቅሻትና አገናኚኝ!" ብዬ ጮህኩ።

"ምነው ልጄ?" አለች እናቴ፣ በእንቅልፍ ድምፅ። "ተኝታለች ብላሽ የለ? ተኝቼ እኮ ነው! አሁንስ ሰው የሞተ መሰለኝ።"

ስስቅ እንባዬ መጣ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ በደረጃ ወደ ላይ ሮጥኩ፤ ሊፍት መጠበቅ አልቻልኩም። በሩ ላይ ስደርስ ግን እግሬ ከበደኝ። ደስታዬ ፊቴ ላይ የሚታይ መሰለኝ።

ጎረቤቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አብረን አለቀስን፤ የኔ ልቅሶ ግማሹ የምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀና አለች። ዓይኗ አብጧል።

"እናትሽስ?" አለችኝ። "ደህና ናቸው?"

"ደህና ናት" አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

"ተመስገን" አለችና እጄን አጥብቃ ይዛ እንደገና አለቀሰች።