የእማማ ዘነበች ጓሮ

ልጅ ሳለሁ፣ የወለቁት የፊት ጥርሶቼ ገና ሳይበቅሉ፣ እኛ ሰፈር ተረት የሚነገረው ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ አልነበረም። የኛ ተረት ስለ ቤቶች ነበር። ተራኪው አባባ ንዳ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ ማዘጋጃ ቤት ከመሬት ቀያሾች ጋር የመለኪያ ሰንሰለት ሲጎትቱ ያረጁ፣ ሚስታቸው ሞታባቸው በአንዲት ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን እስከ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር እግራቸው ያልረገጠው ግቢ የለም ይባል ነበር።

ያኔ ሰዓት እላፊ ስለነበረ ሰው ሁሉ በጊዜ ነበር የሚከተተው። እናቴ ከሥራ እስክትመለስ እኔና ሁለት ሦስት የጎረቤት ልጆች የአባባ ንዳን ከሰል ምድጃ ከበን እንቀመጣለን። ፋኖሳቸው አንድ ጎኑ በጥላሸት ስለጠቆረ ግማሹ ክፍል ሁልጊዜ ጨለማ ነው። እሳቸው በቀጭን ሽቦ ፍሙን እየቆሰቆሱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጀምራሉ።

ቀበሌው በየበራችን ላይ የቆርቆሮ ቁጥር መትቶ ነበር፤ አባባ ንዳ ግን ቁጥሩን አያውቁትም። ለሳቸው የኛ ቤት «የኮርቻ ሰፊው ቤት» ነው። ትርፍ ቤት ተብሎ ተወርሶ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሆነው ደግሞ «የእህትማማቾቹ ቤት» ነው፤ ሁለት እህትማማቾች በውርስ ተጣልተው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሳይነጋገሩ ያረጁበት። በዚያ ሳልፍ፣ ከመፈክሩ ጨርቅ ኋላ ሁለቱ አሮጊቶች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ይታዩኝ ነበር።

አብዝቼ የምፈራውም የምወደውም ግን የጉድጓዱን ተረት ነበር። በጣሊያን ጊዜ አንድ ሰው በድሮ የእህል ጉድጓድ ውስጥ ወራት ተደብቆ ኖረ፤ ሚስቱ ዳቦ በገመድ ታወርድለት ነበር። ጠላት ወጥቶ እሱም ሲወጣ ብርሃን መቻል አቃተው፤ እስኪሞት ድረስ መስኮት እየዘጋ ኖረ። ጉድጓዱ ያለው በእማማ ዘነበች ጓሮ፣ ከኮሽሙ ቁጥቋጦ ሥር ነው ብለውናል። አባባ ንዳ ተረቱን ጨርሰው የሰማነውን ይጠይቁን ነበር፤ እኔ አንዲት ነገር ሳልስት ስመልስ «ትርሲት የኔ መዝገብ» ይሉኛል። በዚያ ስም እኮራ ነበር።

እማማ ዘነበች በርበሬ እየሸጡ አንድ ልጃቸውን ግርማን ያሳደጉ መበለት ነበሩ። ግርማ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ሒሳብ ያስጠናኝ ነበር። ቀይ ሽብር በተባለው ጊዜ አንድ ሰሞን ከሰፈር ታጣ። «ክፍለ ሀገር አክስቱ ጋ ነው» አሉ እናቱ። ማንም ደግሞ አልጠየቃቸውም።

አንድ የክረምት ከሰዓት፣ ዝናቡ አባርቶ ከቆርቆሮው ላይ እየተንጠባጠበ ሳለ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ አባባ ንዳ ቤት ገባ። ከልጆቹ ያን ዕለት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አባባ፣ እርስዎ የሰፈሩን የድሮ ነገር ሁሉ ያውቃሉ አሉ» አለ፣ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ እያደረገ። «በጣሊያን ጊዜ ሰው የተደበቀበት ጉድጓድ አለ ይባላል። የት ነው?»

አባባ ንዳ ዓይናቸውን ከፍሙ አላነሱም። «ነበረ። ወንዙ ዳር፣ ከድልድዩ በታች። ጎርፍ ከወሰደው ቆየ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሰንሰለት የጎተትኩበት መሬት ይጠፋኛል?»

የረሱ መሰለኝ። በእንግዳ ፊት ተሳስተው እንዳያፍሩ አሰብኩ። እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

«አይደለም አባባ! ረሱት እንዴ? በእማማ ዘነበች ጓሮ፣ ከኮሽሙ ሥር ነው ያሉን!»

አባባ ንዳ ተነሥተው «ልጅ ናት፣ ተረቱ ተምታቶባት ነው» አሉ፤ ሊቀመንበሩ ግን ኮፍያውን አድርጎ ነበር። «ጎበዝ ልጅ» አለኝና ወጣ። ደስ አለኝ። ይህን መካድ አልችልም፤ ለዚያች ቅጽበት ደስ አለኝ።

ግርማን ሲያወጡት አጥር ላይ ተንጠልጥዬ አየሁ። ፀጉሩ አፈር ለብሷል፤ በክንዱ ዓይኑን ከልሎ፣ ምድሩን በእግሩ እየፈለገ ነበር የሚራመደው። እማማ ዘነበች የበሩን መቃን ይዘው ቆሙ። ግርማ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም፤ ሬሳውም አልተገኘም።

ጎረቤቱ ማን ጠቆመ ብሎ ሲንሾካሾክ አባባ ንዳ ደጃቸው ላይ ወጥተው «እኔ ነኝ። ፈርቼ ተናገርኩ» አሉ። እኔን ለብቻዬ ጠርተው «ትርሲት፣ አንቺ ምንም አላልሽም። ሰማሽ?» አሉኝ። ሰማሁ። ዝም አልኩ። ሰፈሩ ሰላምታ ነሣቸው። እናቴም ሁለተኛ እዚያ ቤት እንዳልገባ ከለከለችኝ፤ አመሻሽ ላይ በመስኮታቸው ጭላንጭል ሳይ፣ ብቻቸውን ሽቦዋን ይዘው ፍሙን ይቆሰቁሳሉ። በዓመቱ ሞቱ። እድሩ ደንቡ ነውና ድንኳን ተከለ፤ ሰው ንፍሮውን ይዞ ጥቂት ተቀምጦ ሄደ። እማማ ዘነበች አልመጡም።

ደርግ ወደቀ፤ ብዙ ቆይቶም ሰፈሩ ሊፈርስ ሆነ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ እማማ ዘነበችን ዕቃ ሳስተሳስራቸው፣ ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ።

«እማማ፣ ያኔ የተናገርኩት እኔ ነኝ። አባባ ንዳ አይደሉም።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ገመዱን እንደያዙ። «ንዳ ራሱ ያን ዕለት ማታ መጥቶ ነግሮኛል። ልጅቷን አደራ ብሎ። አንቺን ምን እልሻለሁ፣ ልጅ ነበርሽ። እሱን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ ተረት ይደረጋል?»

«ግርማ ከመደበቁ በፊት እኮ ነው የነገሩን።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ግርማስ ጉድጓዱን ከማን ሰምቶ የገባበት ይመስልሻል? እሱም እዚያው ምድጃ ዳር ነው ያደገው።»

ገመዱን አጥብቀው ቋጠሩት፤ ሁለተኛ አላነሣነውም። በሳምንቱ ግሬደሩ ገባ።

ዛሬ የምኖረው እዚያው፣ ከተሠራው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ያ ተረት ግርማን ስንት ቀን እንዳኖረው፣ በመጨረሻም እንዴት እንደገደለው፣ ስንት ጊዜ አወጣሁ አወረድኩ፤ ፍርዱ አልመጣልኝም። ቤቶቹን ሁሉ በየተራቸው፣ ከነታሪካቸው፣ አንዲት ሳልስት አውቃቸዋለሁ። አንዳንድ ማታ ግቢው ውስጥ የሚጫወቱት ልጆች «እትዬ፣ እዚህ ድሮ ምን ነበር?» ይሉኛል።

«ቤቶች ነበሩ» እላቸዋለሁ።

«የማን ቤት?»

ዘንቢሌን አንሥቼ ደረጃውን እወጣለሁ።