ሞተሬ ሁዳዴን የገደፈች ዕለት

ከብት ለመከተብ የምዞርባት ሞተሬ አሮጌ ናት። ለድንጋይና ለቁልቁለት ተብላ የተሠራች፣ ከፍ ያለች፣ ጉልበቷም ገና ያልደከመ። የኋላ ፍሬኗ ግን ይጮህ ነበር፤ ያውም ምን የመሰለ ጩኸት። ወገዳ ገበያ ስገባ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ቤት ገብቼ አዋረደችኝ እያልሁ ስነጫነጭ አባቴ ይሰሙኛል። ገበሬ ናቸው። የቀንበሩ ጠፍር ሲደርቅ በቅቤ አሽተው ነው የሚያለሰልሱት፤ የሚጮህ ነገርም ለእሳቸው የደረቀ ነገር ነው።

ሁዳዴ ነበር። እናቴ ቅቤውን ለፋሲካ ብላ የምታጠራቅምበት፣ ማንም የማይነካበት ጊዜ። አባቴ እኔ በሌለሁበት ከዚያ ላይ ቆንጥረው አቀለጡና፣ የፍሬኑ ክንድ ወደ ጎማው ውስጥ በሚገባበት ቀዳዳ አንቆረቆሩት። ለእኔ አልነገሩኝም።

ቅዳሜ እንደ ልማዳችን ከኋላዬ ተፈናጠጡና ወደ ወገዳ ተነሣን። ጩኸት የለም። ዛሬስ ጨዋ ሆናለች ብላቸው ሳቅ አሉ። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ፔዳሉን ብረግጠው፣ ብረግጠው፣ የሚይዝ ነገር ጠፋ። የፊቱን ብቻ አጥብቄ ብይዝ ጠጠሩ እንደሚገለብጠን አውቃለሁ። ማርሽ ቀንሼ፣ እግሬን መሬት ለመሬት እየጎተትሁ፣ በመከራ ከመንገዱ ጥግ አፈር ላይ አስደግፌ አቆምኋት። አባቴ ወገቤን እንደያዙ ስመ ሥላሴ ይጠራሉ። ደግነቱ ማናችንም አልተጎዳንም።

እየገፋን ወገዳ ደረስን። መካኒኩ የኋላውን ጎማ አውጥቶ ከፈተው። ጎማውን ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው ሸራ ርሶ ያብለጨልጫል። በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተና፣ "ይሄ እኮ ቅቤ ነው" አለ።

ገበያተኛው ከበበን። አንዱ ሞተሯ ሁዳዴን ገደፈች አለ፤ ሌላው እንግዲያ የንስሐ አባት ይፈለግላት አለ። ያኔ ነው አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ እሳቸው እንዳደረጉት የተናገሩት። ጩኸቷ ልጄን እንዳያሳፍረው ብዬ ነው አሉ።

እኔም ከሰዉ ጋር ሳቅሁ። ምነው ሳቄ ብቻ በሆነ። "ገበሬ ምን ያውቃል፤ ሊገድለኝ ነበር እኮ!" አልሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አንቱ ማለቱንም ረሳሁት። አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ዱላቸውን አነሡ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል፤ ምላሴን በቆረጠው።

መካኒኩ ቅቤ የጠጣ ሸራ ቢያጥቡትም አይሆንም ብሎ፣ ከሌላ ሞተር የወጣ ደህና ሸራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ገጠመልኝ። ውስጡን በቤንዚን አጠበ፤ ፔዳሉንም አጠበቀልኝ። እግሬን ገና ሳስነካው ቀጥ ትላለች። ጩኸቱ ግን ተመለሰ።

አባቴን ብፈልጋቸው የሉም። ደረስሁባቸው፣ ያንን ዳገት በእግራቸው ሲወጡ። ፍሬኑ እየጮኸ አጠገባቸው ቆምሁ። ይቅር ይበሉኝ ልል ነበር። ይፈናጠጡ እንጂ፣ ተሠርታለች ብቻ አልኋቸው።

"ሂድ ልጄ" አሉኝ፣ ወደ ጥግ ፈቀቅ ብለው። "ደግ ሆነ። አሁን ስትመጣ ስለምሰማህ መንገድ እለቅልሃለሁ።"

ከዚያ ወዲህ ገበያ የሚሄዱት በእግራቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስይዝ ከፊቴ ይታዩኛል፤ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ ጥጋቸውን ይይዛሉ።