የሱልጣን ዋስ

ሾላ ገበያ ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ የእሑድ እቁባችን ጸሐፊ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ሰማንያ ሰው በየሳምንቱ አምስት አምስት ብር ያዋጣል፤ ዕጣ የወጣለት አራት መቶ ብር ይዞ ይሄዳል። ዘመኑ የደርግ ነውና ሰው ሲሰበሰብ ቀበሌ ይጠረጥራል። ደብተራችንን ለሊቀመንበሩ አሳይተን ነበር የምንሰበሰበው፤ ከእቁብ ሌላ ነገር እንዳናወራም ተነግሮናል። ስለዚህ ሰማንያ ሰው ስለ ገንዘቡ ብቻ ሲያወራ አሥራ አንድ ዓመት አዳመጥኩ። ሰውን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም። ከሁሉም ግን እስከ ዛሬ ከሐሳቤ የማይወጣው ልብስ ሰፊው ሱልጣን ነው።

ሱልጣን ቡታጅራ አካባቢ ተወልዶ በጎረምሳነቱ አዲስ አበባ የገባ፣ ቀጭን፣ ሲናገር እንኳ ጠጋ ብለው ካልሰሙት የማይሰማ ሰው ነበር። የሚሠራው በአቶ ገሰሰ ልብስ ስፌት ቤት ነው። ገሰሰ ባለ ሦስት የስፌት መኪና፣ የእቁባችንም አባል፣ በአካባቢው የተከበረ ሰው ነው። ለሱልጣን ሙያውን ያስተማረው እሱ፣ ሸሪፋን ሲያገባ ሽማግሌ ሆኖ የሄደለትም እሱ። ሱልጣን "ጋሼ" ሲለው ከልቡ ነበር። ሸሪፋ ሾላ ውስጥ በርበሬ ትቸረችራለች። ባልና ሚስቱ የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የራሳቸው የልብስ ስፌት መኪና። ማስቀመጫው እንኳ ተዘጋጅቷል። ሸሪፋ የቤታቸውን በረንዳ በቆርቆሮ አስጋርዳ ትጠብቅ ነበር።

በ1971 ሰኔ ላይ፣ አዲሱ ዙር በተጀመረ በስድስተኛው ሳምንት፣ ዕጣው ለሱልጣን ወጣ። በእቁባችን ሕግ ዋስ ሳይፈርም ብር አይሰጥም። ዕጣ የደረሰው ሰው መክፈሉን ቢያቆም፣ የቀረውን ዋሱ ይከፍላል። ሱልጣን ዋስ ያደረገው ገሰሰን ነው፤ ሌላ ማን አለው? ገሰሰ መነጽሩን አድርጎ ፈረመ፤ እኔም ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁ። ሱልጣን ጥርሱ እስኪታይ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ገሰሰ ሱልጣንን ወደ ጓሮ ጠራው። አንድ መሥሪያ ቤት ለዘበኞቹ የካኪ ልብስ አዞት የጨርቅ መግዣ አንሶት ነበር። አራቱን መቶ ብር ለሁለት ሳምንት አበድረኝ አለው። ወረቀት እንጻፍ ያለው ገሰሰ ራሱ መሆኑን ለሐቅ ስል መናገር አለብኝ። "በእኔና በእርስዎ መሀል ምን ወረቀት ያስፈልጋል፣ ጋሼ" ብሎ አፍሮ የተወው ሱልጣን ነው። ትናንት ለእሱ ሲል የፈረመን ሰው ዛሬ ደግሞ ፈርምልኝ ማለት ነውር መሰለው።

እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እናደዳለሁ። ዋስ የምናስፈርመው ነገር ቢበላሽ የሚጠየቅ ሰው እንዲኖር ነው። የሱልጣን ብር ግን በማግስቱ ዋሱ ኪስ ገባ። ይሉኝታ የያዘው ሰው ዓይኑ እያየ ገደል ይገባል፤ ሱልጣንም አምኖ፣ ደስ እያለው ገባ።

ሁለቱ ሳምንት ሁለት ወር ሆነ። ልብሱ ተሰፍቶ ሄደ፤ ክፍያው ግን በጀት እስኪለቀቅ ጠብቁ ተባለ። ገሰሰ ነገ ሲል፣ ከዚያ ዘመን መለወጫ ይለፍ ሲል፣ ከዚያም የሱልጣንን ደመወዝ ራሱን በግማሽ ይሰጥ ጀመር። መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ ልብስ ሰፊ በተሻለ ደመወዝ ና ብሎት ነበር። እንዴት ይሂድ? ከሄደ ብሩን ማን ይሰጠዋል? አበዳሪው እሱ ሆኖ ሳለ የታሰረውም እሱ ሆነ። ይባስ ብሎ ገሰሰን መፍራት ጀመረ። ልጁ ታሞ አንድ ቀን እረፍት መጠየቅ ሲገባው፣ ብሩን የጠየቀ እንዳይመስልበት ብሎ ሲሰፋ ዋለ። ይህን የነገረችኝ ሸሪፋ ናት፤ ስትነግረኝ እንባዋ መጥቶ ነበር።

እሑድ እሑድ ግን ሱልጣን አምስት ብሩን ይዞ ይመጣል። የሸሪፋ ብር ነው፤ በርበሬ በርበሬ ስለሚሸት ስቆጥረው ያስነጥሰኛል። እሱም ይቅርታ ይጠይቀኛል።

አንድ ጎረቤቱ ቀበሌ ሄደህ በዝባዥ ነው ብለህ አመልክት አለው። ያኔ ባለ ሦስት መኪና ሰውን ለማሳሰር ያቺ አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ሱልጣን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። በኋላ እኔም ስጠይቀው፣ "እኔ የምፈልገው ብሬን ነው፤ ሰውየውን አሳስሬ የት እገባለሁ?" አለኝ። ያን ጊዜ በጣም ወደድኩት።

ስለወደድኩትም ነው ምክሩን የሰጠሁት። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ እሱንና ሸሪፋን አስቀርቼ ደብተሩን ገለጥኩ። ገሰሰ ስለ አንተ የፈረመበት ወረቀት በዓለም ላይ ይኸው ብቻ ነው አልኩት። አንተ መክፈልህን ብታቆም፣ እቁቡ የቀረውን ስድሳ ሳምንት ከእሱ ይቀበላል። ሦስት መቶ ብር ነው። እስካሁን የከፈልከው መቶው ይቅርብህ፤ አምስት ብሯን ግን በየሳምንቱ ለራስህ ታስቀምጣለህ።

ሱልጣን ፊቱ ጠቆረ። ዕጣውን በልቶ አልከፍልም ያለ ሰው በእኛ ዘንድ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ስሙ በሕዝብ ፊት በቀይ ይሰረዛል። ሾላ ውስጥ ከዚያ በኋላ አንድ ኪሎ ሽንኩርት በዱቤ የሚሰጠው የለም።

"ሌባ ልባል?" አለኝ።

የመለሰችው ሸሪፋ ናት። "የማውቅህ እኔ ነኝ። እነሱ ያሻቸውን ይበሉ።"

በሚቀጥለው እሑድ ስሙን ስጠራ ሱልጣን ተነሳ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ እስከ መጨረሻው አግዳሚ ተሰማ። "አልከፍልም። ዋሴ ይክፈል።" የእቁቡ ዳኛ አቶ መገርሳ የተሳሳተ መስሏቸው ደግመው ጠየቁት፤ ደግሞ ያንኑ አለ። ሰው ሁሉ እያጉረመረመ ዞሮ አየው። አንዲት ቃል ቢናገር፣ ብሩ ያለው እዚያ ነው ብሎ ቢጠቁም ነገሩ ይገለበጥ ነበር። ግን ጋሼን በሰው ፊት ማዋረድ አልሆነለትም። ገሰሰም መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ከዚያ ከኪሱ አምስት ብር አወጣ። እኔም ማስመሪያዬን አስተካክዬ የሱልጣንን ስም በቀይ ሰረዝኩ።

ገሰሰ ስድሳውን እሑድ አንድም ሳያጎድል ከፈለ። ለሱልጣን ነገ ሲል የከረመ ሰው ለእቁቡ አንድ ቀን አላረፈደም። የአንድን ሰው ዓይን እየሸሸ መኖር ይቻላል፤ የሰማንያ ሰው ዓይን ግን ከባድ ነው።

ሱልጣን የገሰሰን ሱቅ ለቆ ቤት ለቤት እየዞረ በእጁ ልብስ ይጠግን ጀመር። የመገናኛው ልብስ ሰፊ እንኳ ወሬው ደርሶት፣ ቦታው ተይዟል ብሎ መለሰው። ሸሪፋ ግን በየእሑዱ አምስት ብር በበርበሬ ጣሳ ውስጥ ትከት ነበር። በጥር 1973 ያገለገለች መኪና ገዙ። ሄጄ አየኋት፤ በበረንዳው ላይ ቁማ ታምራለች። የሚሰፋላት ሰው ግን ብዙም አልነበረም። ሌባ ነው የተባለ ሰው ዘንድ ጨርቁን አስቀምጦ የሚሄድ ማን ነው?

በዚያው ወር አዲስ ዙር ስንከፍት ሱልጣን መጥቶ ከበሩ አጠገብ ቆመ። ስሙ እቁብ ውስጥ ተመልሶ ከገባ ገበያውም እንደሚመለስ ያውቃል። አቶ መገርሳ ደግ ሰው ናቸው። ዕዳው በዋሱ እጅ ስለተከፈለ፣ አሁንም ዋስ ካገኘ እንመልሰዋለን አሉ። "ለሱልጣን ዋስ የሚሆን አለ?" ብለው ጠየቁ።

እኔ ደብተሬን አየሁ።

ከኋላ ገሰሰ ተነሳ። በዚያ ዓመት ተኩል ውስጥ በጣም አርጅቶ ነበር። "እኔ አለሁ" አለ። "ያን ጊዜም ብሩን የበላሁት እኔ ነኝ። ሱልጣን አምስት ሣንቲም አልነካም።" ሰው ሁሉ ደነገጠ። አቶ መገርሳ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ጻፍ አሉኝ።

ሱልጣን ወደ ገሰሰ ዞረ። ከዚያ በዚያችው በማትሰማ ድምፁ፣ "አላህ ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ግን እርስዎ ዋስ ከሆኑኝ፣ ነገ ሲጠይቁኝ እምቢ ማለት አልችልም" አለና ወጥቶ ሄደ።

ስሙን የምጽፍበትን መስመር ሦስት ሳምንት ባዶ ትቼ ጠበቅሁ፤ አልተመለሰም። ሰው ገሰሰን ሲያማ እኔ ዝም እላለሁ። ሌባ ያስባለውን ምክር የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ንጹሕ መሆኑንም ከእሱና ከገሰሰ ሌላ በዚያ ቤት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዋስ የሚሆን አለ ወይ ሲባል ግን ስለ ልጆቼና ስለ አራት መቶ ብር አሰብኩ፤ ሳልነሳም ቀረሁ።