የአርብ የሙዝ ዳቦ

ዳቦዬ ውስጥ እንቁላል አለበት ብላ ያስወራችብኝ እሷ ናት። ስሟን አልጽፍም። አርብ ገበያ ሻይ ቤት ያላት፣ ከበረንዳዋ ጥግ ሰጥታኝ እዚያ ተቀምጬ ሙዝ እንድጠብስ የፈቀደችልኝ ሴት ናት። ስለ ፈቀደችልኝ አመሰግናታለሁ። ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያልቃል።

ነገሩ የተጀመረው በጠቆረ ሙዝ ነው። ሙዝ ወደ እኛ የሚመጣው በአይሱዙ ተጭኖ ነው። በዚያ ኮረኮንች መንገድ ሲናጥ ውሎ የሚደርሰው ሙዝ ግማሹ ቆዳው ጠቁሮ፣ ውስጡ ላልቶ ነው። ነጋዴው ሰውዬ የጠቆረውን ለይተው ለፍየሎቻቸው ይጥሉት ነበር።

"ጋሼ፣ ከሚጥሉት ለእኔ ቢሰጡኝ" አልኳቸው።

"ምን ልታደርገው?"

"ዳቦ ልጋግረው።"

"እንግዲያው ከፍየሎቼ ጋር ተስማማ!" ብለው ሳቁ። ሰጡኝ ግን።

አጋገሩን የተማርኩት ከስልክ ነው። የምጽፈውን ግጥምም ቢሆን ማንም አላስተማረኝም። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት ሁለት እንቁላል ሰብራ ትጨምራለች። የእኛ ገበያ ደግሞ የሚቆመው አርብ ነው፤ አርብ ጾም ነው። እንቁላል የነካውን ዳቦ ማን ይገዛኛል? ስለዚህ እንቁላሉን ተውኩት። የመጀመሪያው ዳቦ ጭቃ ሆነ። ሁለተኛውን ውሻም አሽትቶ ተወው። በሦስተኛው ገባኝ፤ ሙዙ በጠቆረ ቁጥር ጥሩ ነው። እንደ ሾርባ እስኪሆን ይፈጫል፣ ዘይትና ስኳር ይገባበታል፣ ዱቄቱ በመጨረሻ ይጨመርና ሳይበዛ ይታሻል። ድስቱን ኮባ ቅጠል አነጠፍኩበት፤ ፍሙን ከሥርም ከክዳኑም ላይ አደረግሁ። ጠይም፣ እርጥበት ያለው፣ ቀረፋ ቀረፋ የሚል ዳቦ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ እጄ አላረፈም። ለቁርስ ሙዙን በቁመቱ ሰንጥቄ ቀጭን ሊጥ ውስጥ እየነከርኩ እጠብሳለሁ። ቀን ለገበያተኛው ዳቦውን እቆርጣለሁ። ጣፋጭ ለሚፈልግ መጥበሻ ላይ ማር አቅልጬ ሙዙን አገላብጥበታለሁ። "ማጀት ገቢ!" እያሉ የሳቁብኝ ጎረምሶች ሳይቀሩ ተሰለፉ። የሻይ ቤቷ ሴትዮ ብስኩት ግን ሳህኑ ላይ እየደረቀ ቀረ። በበሩ ቆማ ታየኛለች፤ እኔም እንደምታየኝ አያለሁ።

አንድ አርብ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሁልጊዜ የሚገዙኝ መርጌታ መጡና እጃቸውን ሳይዘረጉ ቆሙ።

"ልጄ፣ እውነት እንቁላል የለበትም?"

"የለበትም አባቴ።"

"ሰው ሌላ ይላል።"

"ማነው የሚለው?"

ወደ ሻይ ቤቱ በር አየት አደረጉና ሄዱ። በዚያ ቀን ዳቦዬን ተሸክሜ ተመለስኩ።

ቤት ስገባ እናቴ ግድግዳው ሥር ትሰግዳለች። ጉልበቷ መሬቱን በመታ ቁጥር ድምፁ ይሰማኛል። አርብ አርብ ከዳቦዬ ያልበላችበት ቀን አልነበረም።

"ምን ሆነሽ ነው እማ?"

"ጾምሽን አስገድፎሻል አሉኝ። ልጄ አያደርገውም አልኩ። ግን ያለ እንቁላል እንዴት እንዲህ ይነፋል?"

"ቤኪንግ ፓውደር ነው።"

"እሱስ ከምን እንደሚሠራ ታውቃለህ?"

አላውቅም ነበር። አየችኝና እንደገና ጎንበስ አለች። የእናቴን ስግደት ቆሜ ቆጠርኩት። ሌላው ሰው ቢቀርብኝ ይቅርብኝ፤ እሷ ግን በቤቷ ውስጥ ሆና ተጠራጠረችኝ። ሴትዮዋን መጥላት የጀመርኩት ያኔ ነው።

በሁለት ሳምንቱ ሴትዮዋ ራሷ የሙዝ ዳቦ ደረደረች። "የእኔ ንጹሕ ነው፣ የጾም!" እያለች። አንዱን ሰው ልኬ አስገዛሁና ቆረስኩት። ውስጡ ወለል ያለ ቢጫ ነው። ያለ እንቁላል የተጋገረ የሙዝ ዳቦ እንዲያ አይበራም፤ በፍስክ ቀን በእንቁላል ጋግሬ ለራሴ ሞክሬዋለሁና መልኩን ለይቼ አውቀዋለሁ። አሸተትኩት። እንቁላል ነው። በእኔ ላይ ያወራችውን ውሸት ራሷ አምናዋለች። ያለ እንቁላል ይሆናል ብላ አላሰበችም። ስለዚህ ሰብራ ጨመረች፤ ያንኑ ለጾመኛው አበላች።

መጀመሪያ ግጥም ጻፍኩባት። ቤት መምታቱ ሲቀለኝ ጊዜ ቀደድኩት። ግጥም አይጎዳትም። እሷን የሚጎዳት ሰዓት ነው። ጧት ሄጄ ከዳቦሽ ብዪ ብላት "ጾመኛ ነኝ፣ ገና አልቀመስኩም" ትላለች፤ ሰዉም ያምናታል። ስለዚህ የሚቀጥለው አርብ ጾመኛው የሚቀምስበት ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጠበቅሁ።

በረንዳው ሞልቷል። መርጌታ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል፣ አጠገባቸው የሴትዮዋ ዳቦ በግማሽ ተበልቷል። እናቴ ጨው ገዝታ ከጥላው ሥር አረፍ ብላለች። ሴትዮዋ በሯ ላይ ቆማ ቆሎ ትቆረጥማለች። ከትሪዋ አንድ ቁራሽ አነሳሁ።

"እትዬ፣ በሞቴ ይጉረሱልኝ።"

"ጠግቤያለሁ።"

"አንዲት ጉርሻ! በሞቴ!"

"ጥርሴን አሞኛል።"

"ቆሎውንስ በምን ፈጨሽው?" አለች አንዷ ገበያተኛ። በረንዳው ሳቀ።

እጄን አላወረድኩም። ክንዴ ዛለ፣ አላወረድኩም። መርጌታ የያዙትን ሻይ አስቀመጡ።

"ጉረሺለት እንጂ ልጄ" አሏት። "የገዛ እጅሽ ሥራ ነው።"

ዓይኗ ከእጄ ወደ መርጌታ ሄደና ተመለሰ። ለጾመኛ ሁሉ ያበላችውን፣ እሷ ራሷ ጾመኛ ናትና አፏ ውስጥ ልታስገባው አልቻለችም። ትሪውን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች። ትሪው ሲንኳኳ ሰማሁት፣ ደስ አለኝ። መርጌታ አማተቡና የቀረውን ቁራሽ ወደ ዳር ገፉት። እኔ ከራሴ ዳቦ አውጥቼ ሁሉም እያየኝ በቀስታ በላሁ። እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ ጨዉን ይዛ ከፊቴ ትራመድ ነበር።

"ሰው ፊት አዋረድካት" አለችኝ።

"አዎ።"

"ለንስሐ አባቷ ብትነግርባት ይበቃ ነበር።"

"የእሷ ንስሐ ለአንቺ ጉልበት ምን ያደርግለታል?"

ወንዙን ስንሻገር ክንዴን ያዘችና ድንጋይ በድንጋይ እየረገጠች ተሻገረች። ማዶ ስንደርስ ነጠላዋን አስተካከለች።

"የሚመጣው አርብ ቀጠን አድርገህ ቁረጥልኝ" አለች። "ወፍራሙ አይመቸኝም።"