ስሜን ፍለጋ ወደ ሮብ ገበያ

ጠዋት ከደብረ ማርቆስ የተነሣሁት በካፊያ ነው። የጉዞዬ ምክንያት አንድ ነው፤ የቀድሞ አማቴ እማማ የሺ ሳይሞቱ «ዘነቡ» ብለው እንዲጠሩኝ። በእኛ አገር ሙሽራ ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። እኔንም ጥሩወርቅ አሉኝ፤ አባቴ ያወጣልኝ ስም ደጃፋቸው ላይ ቀረ። ልጅ አልወለደችም ብለው ሲያባርሩኝ ደግሞ ያንኑ ስም ከእኔ አውልቀው ለተተካችው ሙሽራ ሰጧት። ሰሞኑን የሰው ስም ይጠፋቸው ጀመር ሲባል ሰማሁ። መቸኮል ነበረብኝ።

ሚኒባስ ውስጥ

መኪናው እስኪሞላ ብርዱ እግሬን አደነዘዘው። አጠገቤ የተቀመጠች ወፍራም ሴት ታፈጥብኛለች።

«አወቁኝ?» አለችኝ።

«ውባለም። በሠርጌ ሰሞን እንስራ ይዤ ስወድቅ የሳቅሽው።»

ረዳቱ ከት ብሎ ሳቀ። ውባለም አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ኧረ በማርያም! ይሄን ሁሉ ዘመን እንዴት ያዙት?»

«ሌላው ሰው መልክ ይለያል፣ ስም ይደጋግማል። እኔ ስምን ከበደሉ ጋር አስረዋለሁ፤ አይጠፋኝም።»

«እንግዲያው የኔን ይፍቱልኝ፣ እትዬ ዘነቡ።»

አልፈታሁላትም። እስክትወርድ ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ገብሱ በዝናብ ተኝቷል፤ የጮቄን ተራራ ጭጋግ ውጦታል።

እማማ የሺ ቤት

ከሮብ ገበያ በጋሪ፣ ቀሪውን በጭቃ በእግሬ ሄድኩ። በር የከፈተችልኝ ሁለተኛዋ ጥሩወርቅ ናት። ባላችን ከሞተ ወዲህ አሮጊቷን የምታስታምመው እሷ ናት። ፊቷን ሳላይ አልፌያት ገባሁ።

እማማ የሺ መደብ ላይ ተኝተዋል። በቤታቸው ሳለሁ እሳት የፈጀውን ጉንጬን እጃቸውን ይዤ አስነካኋቸው፤ በዳበሳ ቢያስታውሱ ብዬ።

«ዘነቡ ነኝ። እስቲ ዘነቡ ይበሉ።» ደጋገምኩላቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «ጥሩወርቅ» አሉ።

«አይደለሁም!»

ወደ ምድጃው ዞረው ሌላዋንም «ጥሩወርቅ» አሏት።

«የገባውን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሉት» አለች ሴትዮዋ። «የቀራቸው ስም እሱ ብቻ ነው።»

ቅቅል ድንች ከአዋዜ ጋር አቀረበችልኝ። አልበላም ልል አስቤ ነበር፤ ርቦኝ በላሁ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የእርስዎስ ደግ፤ ወጥተው ስምዎን መልሰው ያዙ። እኔ አለምነሽ ነበርኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ በሱ የጠራኝ የለም» አለች።

ይችን ሴት ያን ሁሉ ዓመት በልቤ ያሰርኳት ባሌን ከመውሰዷ ጋር ነበር።

መልስ

እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። ጥቂት ሄጄ ዞርኩና «አለምነሽ!» ብዬ ተጣራሁ። ወደ ቤት እየገባች ነበር፤ አልዞረችም። ስደግም ነው የቆመችው።

ሲመሽ ቤቴ ገባሁ። እማማ የሺን ይቅር አላልኩም፤ ስማቸውም አይጠፋኝም። ያስቸገረኝ የሌላዋ ነው፤ አለምነሽን የማስርበት በደል አጣሁ። ስለዚህ እንዳይጠፋኝ መንገዱን ሙሉ ስሟን ለብቻዬ እየደጋገምኩ መጣሁ። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያየ ተሳፋሪ ሁሉ፣ ጸሎት የማደርስ መስሎት ዝም አለኝ።