የልብስ ሰፊዋ መኪና

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ መካኒካችን ግቢ ጎራ ካላችሁ የምታገኙት ጥገና ሳይሆን ሸንጎ ነው። ከአሮጌ ሚኒባስ የወለቀ የኋላ ወንበር ግድግዳው ሥር ተዘርግቷል። እሱ ላይ የምንደረደረው ያቺን ትንሽ ርካሽ መኪና የገዛን፣ ወይም ገዝተን የሸጥን ሰዎች ነን። እኔ ከሸጥኩ ዓመት አልፎኛል፤ የምሄደው ለወሬው ነው። ክርክሩ መቼም አያልቅም። አሥር ዓመት ትቆያለች ወይስ አትቆይም? ስትሸጥስ ዋጋዋን ትይዛለች?

ከሁሉ የሚበረታው ተከራካሪ ጡረታ የወጣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ስለ መኪናዋ ክፉ ቃል ስለማያስነግር «ጠበቃው» ብለነው ነበር። ባላጋራው ደግሞ በከባድ መኪና ሹፌርነት ያረጀው ሰውዬ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሞላትን መኪናውን አልሸጥም ብሎ ስለቀረ «ብረቱ» እንለዋለን።

«ይቺ እኮ ቆርቆሮ ናት» ይላል ብረቱ። «ሦስት ዓመት ታምራለች፤ ከዚያ መለዋወጫ ፍለጋ ስትንከራተት ጫማህ ያልቃል። የኔዋ የትም ብትቆም በመዶሻ የሚያስነሳት አይጠፋም።»

«የአንተዋማ ሰካራም ናት! ከማደያ ማደያ ስትንገዳገድ ነው የምትውለው» ይመልሳል ጠበቃው። «እኔ መቶ ሰማንያ ሺህ ኪሎ ሜትር ነድቻታለሁ። ካምቢዮዋን መፍቻ ነክቶት አያውቅም።»

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ብለን እንስቃለን።

ልብስ ሰፊዋ ወደዚህ ግቢ የመጣችው ከአራት ዓመት በፊት፣ ምክር ልትጠይቅ ነበር። መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ሁሉም «እትዬ» ይላታል፤ ቀሚሷ ላይ ሁልጊዜ የተቆረጠ ክር አይጠፋም። ባሏ የመብራት ሠራተኛ ነበር። ኩላሊቱ ሥራ ሲያቆም በሳምንት ሦስት ቀን ደሙ በማሽን እንዲታጠብለት ተወሰነ፤ እጥበቱ የሚሰጥበት ቦታ ደግሞ የከተማው ሌላ ጫፍ ነው፤ ተራውም ንጋት ላይ። ከማሽኑ ሲነሳ ዓይኑ ስለሚጨልምበት አውቶቡስ መጠበቅ አይችልም። ቀልድ ግን አልተወውም። «ድሮ ምሰሶ ላይ ወጥቼ ለሰፈሩ መብራት እሰጥ ነበር፤ ዛሬ እኔው ራሴ ሶኬት ላይ ተሰክቼ እውላለሁ» ይል ነበር።

ያጠራቀመችው ገንዘብ ወይ አንድ ያገለገለ አሮጌ መኪና፣ ወይ ያቺን ርካሽ አዲስ መኪና የሚገዛ ነበር። ብረቱ አሮጌውን መከራት። ጠበቃው ግን መኪናው ውስጥ አስገብቶ ከተማውን አዞራት። «ግዢ ልጄ» አላት። «ብትበላሽ እኔን ጠይቂ።» ገዛች። በአርባ ስምንት ዓመቷ መንዳት ተማረች። ሦስት ዓመት ተኩል ነጯ መኪና አንድ ቀን እንኳ አላሳፈረቻትም። ለካ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

አንድ ሰኞ ከእጥበት ሲመለሱ ዳገቱ መሃል ላይ መኪናዋ ብረት በብረት የሚፋጭ ድምፅ አሰማችና ቀጥ አለች። ማርሹ አልገባ፣ አልወጣ አለ። ተጎትታ መካኒኩ ጋ መጣች። መካኒኩ ካምቢዮውን ፈቶ ዘይቱን በጣቱ ቢነካው እንደ አሸዋ ቆረቆረው፤ ማርሾቹ ጥርሳቸው ረግፎ ነበር።

«እናቴ» አላት፣ «ይሄ አይጠገንም። ሙሉ ካምቢዮ መቀየር አለበት።»

መኪናዎቹን ያስመጣ የነበረው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል። በሩ ላይ የቀረው ዘበኛ ብቻ ነው። ከውጭ ይታዘዝ ቢባል አራት ወር። የመለዋወጫ ሱቆቹን ሁሉ አዳረሰች፤ «እሱማ የለም» የማይላት አልነበረም።

ረቡዕ ያነጋገረችው ባለታክሲ አርፍዶ መጣ፤ እጥበቱም በግማሽ ቀረ። ዓርብ ንጋት ላይ ጭራሽ የሚመጣ ጠፋ። በአውቶቡስ ሄዱ። ሲመለሱ ባሏ ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተደፍቶ ግንባሩ ተፈነከተ። ደሙን በነጠላዋ ጠርጋ ስታነሳው፣ «ከእንግዲህ እዚህ ላይ አልወጣም» አላት። «ሰው እያየኝ እንደ ጆንያ አልወድቅም። ከሞትኩ አልጋዬ ላይ ልሙት።»

ለመነችው፣ አለቀሰች፣ ተቆጣችው። ወይ ፍንክች። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ታክሲም አልተገኘም። የሚቀጥለው ሰኞ አለፈ፣ ረቡዕም አለፈ፣ ዓርብም እንዲሁ። እግሩ አብጦ ጫማ እምቢ ሲል የነጠላ ጫማውን ስፌት ተርትራ አሰፋችለት። መተኛት ስላቃተው ትራስ ደግፋ ታስቀምጠዋለች። ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ ውሃ የሚንቦጫረቅ ይመስል ነበር።

ቅዳሜ ግቢው መጣች። ያን ዕለት ጠበቃውና ብረቱ ስለ ዋጋ ክርክር ይዘዋል፤ ያገለገለችዋ በዚህ ወር ስንት አወጣች፣ እንትና ስንት ሸጠ እየተባለ። እሷ መሃላችን ቆመች።

«እናንተ ዋጋዋን ታወራላችሁ» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «ቤቴ ውስጥ ሰው በገዛ ውሃው እየሰጠመ ነው። ሳምንቱን ሙሉ አልታጠበም። ቆርቆሮ ትሁን፣ ወርቅ ትሁን፣ ለኔ ምኔ ነው? ሰኞ የሚያደርሰኝ ሰው እፈልጋለሁ!»

የብረቱን መኪና በሥራ ቀን ልጁ እቃ ያመላልስባታል፤ የቀሩት ገና ሳይነጋ ሥራ የሚገቡ ናቸው። ጠበቃው ግን ጡረተኛ ነው። እሷም ወደ እሱ ዞረች።

«ጋሼ፣ የእርስዎን ለጥቂት ቀን ያውሱኝ። እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምይዛት።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «እ… እናያለን» ብሎ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ብቻዋን እንዳትሄድ አብሬያት ቤቱ ሄድኩ። በሩን ሚስቱ ከፈተችልን። ስለ መኪናው ስንነግራት ግራ ተጋባች። «የቱ መኪና?» አለች። «ይቺ ከተገተረች እኮ ስምንት ወሯ ነው።»

ጓሮ ወስዳ አሳየችን። ላስቲክ ተሸፍናለች። ጎማዎቹ ወልቀው አራት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጠበቃው በካናቴራ ወጣ፤ እኛን ሲያይ ግድግዳውን ያዘ።

«ሞተሩ ተቃጠለ» አለ።

«ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ በምንድን ነው የሚመጡት?» አለችው ልብስ ሰፊዋ።

«በእግሬ። ማዶ ጥላ ሥር አቆምኳት እያልኩ።»

«ለምን ጋሼ?» እንደ መቆጣት አላለችም፤ በእውነት ማወቅ ፈልጋ ነበር።

«አንቺን ያስገዛሁሽ እኔ ነኝ። ከአንቺ በኋላ ደግሞ አምስት ሰው። ምን ብዬ ልናገር?» አፉን በመዳፉ ሸፈነ። ከዚያ ግን ቀና አለ። «ካምቢዮው ላይ አልዋሸሁም። አንድም ቀን አልተነካም። ውሰጂው። አሁኑኑ አውጡት።»

መካኒኩ እሑድን ሳይል መጥቶ ፈታው። ጠበቃው መሬት ላይ ተንበርክኮ ብሎኑን ሲያቀብል ዋለ። ሰኞ ቀን ካምቢዮው ነጯ መኪና ላይ ገባ። የእጥበት ቦታው ነርስ ተራ አሸጋሽጋ ማክሰኞ ንጋት ላይ ቦታ ሰጠቻቸው። ሦስተኛው ማርሽ ሲገባ ይጮህ ስለነበር እሷ ከሁለት ወደ አራት እየዘለለች ነዳች። ባሏ የበሩን እጀታ ጨብጦ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ስትቆም፣ «ደረስን እንዴ?» አላት።

ደርሰዋል፤ ግን ያለ እጥበት ያለፉት ቀናት የወሰዱትን ይዘው ሄደዋል። ሐኪሙ የባሏ ልብ ከመጠን በላይ ደክሟል አላት። «ከዚያ በፊትም ደካማ ነበር ወይስ በዚያች ሳምንት ነው?» ብላ ጠየቀችው። እርግጡን መናገር አልቻለም። በሰባተኛው ሳምንት፣ እሑድ ጠዋት፣ እሷ ሸሚዙን ስትተኩስለት አልጋው ላይ አረፈ።

ለለቅሶው ሁላችንም ሄድን። ብረቱ ወንበር ሲያመላልስ ዋለ። ጠበቃው ግን ሁለት ቀን ቆይቶ መጣና በሩ አጠገብ፣ የስፌት መኪናዋ ሥር ባለች አጭር በርጩማ ላይ ኩርምት ብሎ ተቀመጠ። ሰው ሲሳሳ፣ «ልጄ፣ እኔ ባልመክርሽ…» ብሎ ጀመረ።

«ይተዉት ጋሼ» አለችው።

«አይደለም፣ ስምንት ወር ሙሉ…»

«ይተዉት አልኩ!» ድምፅዋ ተሰበረ። «ያንንም ደርቤ ማሰብ አልችልም። አንዱን ሐዘን እንኳ ገና አልጨረስኩም።» ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። ከዚያ ሳትመለከተው፣ ከኋላዋ ያለውን ባለ መደገፊያ ወንበር በእግሯ ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

ተነስቶ እዚያ ላይ ተቀመጠ።